ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ፦ የመሬት መንቀጥቀጥን ታሪክ ማን ጻፈው?

የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም ማታ መሬት ተንቀጠቀጠ። በሬክተር መለኪያ 6.0 ሆኖ የተመዘገበው ይህ መንቀጥቀጥ መነሻው ወደ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ቢሆንም፣ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ቤት የሚኖር ሰው መብራቱ ሲወዛወዝ አይቷል፣ የቁም ሳጥኑ በር ሲንኳኳ ሰምቷል። ነገሩ በዚያ ቀን የጀመረ አልነበረም። ከመስከረም ወር ጀምሮ መሬቱ ሲናጥ ከርሟል። በአፋርና በኦሮሚያ አዋሳኝ ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጥተዋል፤ ቤት ፈርሷል፣ መሬት ተሰንጥቋል፣ የከሰም ግድብ ነገር ብዙዎችን እንቅልፍ ነስቷል።

በእነዚያ ወራት በየታክሲው፣ በየቢሮው፣ በየለቅሶ ድንኳኑ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ደርሶ ያውቃል ወይ?»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን ለማግኘት ግን ከአራት ኪሎ ተነስቶ፣ በአምስት ኪሎ አልፎ፣ ስድስት ኪሎ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። አራት ኪሎ የሳይንሱ ግቢ ነው፤ አምስት ኪሎ የምህንድስናው፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ የታሪኩና የቋንቋው። ሦስቱ ጎረቤት ቢሆኑም በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ዓለሞች ናቸው፤ አንዱ «ጠቃሚ»፣ ሌላው «ወሬ» ተብሎ የሚመደብበት ጊዜም አለ። የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ጥናት እንዴት እንደተጻፈ ያየ ሰው ግን ይህን አመዳደብ ለመቀበል ይቸገራል።

*ማግኔት ሊለካ የመጣ ጣቢያ*

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም ሲከፈት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥራውን በአደራ የሰጡት ለካናዳ ኢየሱሳውያን ነበር። መሪያቸው ሉሲየን ማት ይባላሉ። ሰዎቹ ካህናት ቢሆኑም ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው ስለነበር የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደማንኛውም አስተማሪ ነበር የሚለብሱት። ከእነርሱ አንዱ ፒየር ጉዋን የሚባል የፊዚክስ ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. 1957 እና 1958 «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ተብሎ ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል የምሥራቁም የምዕራቡም ሳይንቲስቶች ምድርን በጋራ ለመለካት የተስማሙበት ወቅት ነው። ያን ጊዜ ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ በምድር «የማግኔት ወገብ» ላይ የሚቀመጥ መለኪያ ጣቢያ ነበር። ይህ መስመር ካርታ ላይ ከምናውቀው የምድር ወገብ ይለያል፤ የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ጋደም የሚልበት መስመር ነው። መስመሩ በኢትዮጵያ በኩል፣ ለአዲስ አበባ ቅርብ ሆኖ ያልፋል። ስለዚህ አራት ኪሎ ላይ አንዲት ትንሽ ጣቢያ ተቋቋመች፤ ኃላፊነቱም ለጉዋን ተሰጠ።

ልብ በሉ፤ ጣቢያዋ የመጣችው ለመሬት መንቀጥቀጥ ብላ አይደለም። የመጣችው ማግኔት ልትለካ ነው። ያን ጊዜ አንድ ባለሥልጣን «ሕዝቡ ዳቦ በሚፈልግበት አገር የመርፌ ውዝዋዜ መቁጠር ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ አጥጋቢ መልስ የሚሰጠው ሰው ማግኘቱ ያጠራጥራል። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መሣሪያ የተጨመረው ትንሽ ቆይቶ ነው። መሣሪያው ከተተከለ ገና ጥቂት ዓመት እንዳስቆጠረ መሬት ራሷ ጥቅሙን አስረዳች።

*ግንቦት 1953*

ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ካራ ቆሬና አካባቢዋ በኃይል ተመቱ። መንቀጥቀጡ ከዚያ በፊት ጀምሮ ከዚያም በኋላ ለወራት ቀጥሏል። ማጀቴ ከተማ ፈረሰች። በካራ ቆሬ ብዙ ቤት ወደቀ። ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና አውራ ጎዳና ተሰነጣጠቀ።

በዚያን ጊዜ አገሪቱ በፍጥነት እየተገነባች ነበር። መንገድ ይሠራል፣ ድልድይ ይዘረጋል፣ ግድብ ይታሰባል፣ አዲስ አበባ ፎቅ ማብቀል ጀምራለች። የካራ ቆሬ አደጋ ለመሐንዲሱ የተወው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ይህ በሺህ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ነው? ወይስ በየሃምሳ ዓመቱ? የት የት ይመጣል? ምን ያህል ጠንካራ አድርገን እንሥራ?

መሣሪያው ይህን ሊመልስ አይችልም። ገና ሕፃን ነበር። የምድርን ፀባይ በጥቂት ዓመት መዝገብ መገመት የሰውን ዕድሜ ልክ ጠባይ በአንድ ከሰዓት በኋላ አይቶ እንደ መፍረድ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት የነበረውን መፈለግ ግድ ሆነ። እርሱ ደግሞ ያለው ብራና ላይና የተጓዦች ማስታወሻ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ዕድልም ረዳ። ከካራ ቆሬ አደጋ መንፈቅ ያህል ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመረቀ። የአራት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ የምህንድስና ኮሌጁ፣ ከስዊድን ጋር የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ፣ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅ፣ የቅድስት ሥላሴ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ሁሉም በአንድ ስም ሥር ገቡ። ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። ብዙም ሳይቆይ ስድስት ኪሎ ላይ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ። የብራና ጽሑፍ፣ የድሮ ጋዜጣ፣ የተጓዦች መጽሐፍ በአንድ ቤት መሰብሰብ ጀመረ። የመሬት ንዝረት የሚቆጥረው ክፍልና የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚቀመጥበት ክፍል በእግር የሚያደርስ መንገድ ብቻ ነበር በመካከላቸው።

*«ድልቅልቅ» የሚለውን ቃል ማንበብ*

የድሮ መጽሐፍ ገልጦ መንቀጥቀጥ መፈለግ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። አይደለም።

መጀመሪያ ቋንቋው አለ። በግእዝ የመሬት መንቀጥቀጥ «ድልቅልቅ» ይባላል። ቃሉ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነው። ጸሐፊው ምድር በእርግጥ ተናውጣ ይሆን? ወይስ የንጉሡን ሞት ወይም የጦርነቱን ክብደት ለመግለጽ የመጽሐፍ አነጋገር ተጠቅሞ? ይህን የሚለየው የግእዝን አጻጻፍ ያወቀ ሰው ነው። ፊዚክስ የተማረ ሰው ብቻውን ቢያነበው ያልነበረ መንቀጥቀጥ ይመዘግባል፣ የነበረውንም ያልፋል።

ሁለተኛ የዘመን አቆጣጠሩ አለ። ዜና መዋዕል ጸሐፊ «በዘመነ ሉቃስ፣ ንጉሣችን በነገሠ በአምስተኛው ዓመት» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ዘመነ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። አንድ አውሮፓዊ ተጓዥ ስለዚያው ቀን በራሱ አቆጣጠር ከጻፈ፣ ሁለቱን በትክክል ያላገናኘ ተመራማሪ አንዱን መንቀጥቀጥ ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። በመሐንዲሱ ስሌት ላይ ይህ ስህተት ቀላል አይደለም፤ አደጋው ከእውነተኛው በእጥፍ የሚደጋገም መስሎ ይታያል።

ሦስተኛ ነገሩ ራሱ አለ። በ1835 ዓ.ም መጀመሪያ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ የሸዋ መናገሻ አንኮበር ክፉ አደጋ ደረሰባት። ያን ጊዜ የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ በሸዋ ነበርና ስለ አገሩ ትልቅ መጽሐፍ ጽፏል። አንኮበር ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል በሚያይ ገደላማ ተራራ ላይ ያለች ናት። ቤቱን ያፈረሰው መንቀጥቀጡ ነው? ወይስ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ነው? ወይስ መንቀጥቀጡ ናዳውን አነሳሳው? ለዚህ መልስ የታሪክ ምንጭ የሚመዝን ሰው፣ የአፈርና የተዳፋትን ፀባይ የሚያውቅ መሐንዲስና የስምጥ ሸለቆውን ስብራት የሚያውቅ የሥነ ምድር ሰው ያስፈልጋሉ።

አራተኛው የቤቱ ዓይነት ነው። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ወደ ላንጋኖ አካባቢ በሬክተር 6.8 ገደማ የሚገመት መንቀጥቀጥ ተነሳ። በ2017 ዓ.ም ካስደነገጠው የፈንታሌ መንቀጥቀጥ በጣም የበረታ ነው። አዲስ አበባ ላይም በኃይል ተሰምቷል። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና ለጋ ከተማ ነበረች፤ አብዛኛው ቤት እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ሣር። እንዲህ ያለ ጎጆ ሲወዘወዝ ይታጠፋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ተመልሶ ይቆማል። ቢወድቅም ሰው የሚገድል ክብደት የለውም። እንግዲህ አንድ የድሮ ጽሑፍ «ምድር ተናወጠች፣ ሰው ግን አልሞተም» ካለ መንቀጥቀጡ ደካማ ነበር ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቤቱ ብልህ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የሕዝቡን የቤት አሠራር ያጠና ሰው ይፈለጋል። ያው ንዝረት ዛሬ ቢመጣ የሚያገኘው የሣር ጎጆ አይደለም፤ ብሎኬት፣ ኮንክሪትና መስታወት ነው።

*መጽሐፍ የሌለበት አገር*

መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም አፋር ውስጥ ሰርዶ የምትባል መንደር በመንቀጥቀጥ ፈረሰች። ሰዎች ሞቱ፣ መሬቱ ተሰንጥቆ ታየ። መሣሪያው ስለነበር ተመዘገበ፣ ተመራማሪዎችም አጠኑት።

ሰርዶ ግን ሌላ ነገርም ታስተምራለች። ዜና መዋዕል የሚጻፈው በቤተ መንግሥትና በገዳም ነው። ገዳሙና ቤተ መንግሥቱ ያሉት በደጋው ነው። መሬት አብዝታ የምትንቀጠቀጠው ደግሞ በስምጥ ሸለቆውና በአፋር ዝቅተኛ ቦታ ነው። ስለዚህ ከብራና ብቻ የተሠራ የመንቀጥቀጥ ካርታ የሚያሳየው መሬት የት እንደተናወጠች ብቻ አይደለም፤ ብዕር የያዘ ሰው የት እንደተቀመጠም ያሳያል። ሰርዶ ከመቶ ዓመት በፊት ፈርሳ ቢሆን ኖሮ በአንድም ዜና መዋዕል ላይገኝ ይችል ነበር። ባዶ ቦታ ያየ መሐንዲስ «እዚህ ደህና ነው» ይላል። ባዶው ግን የመሬቱ ሳይሆን የመዝገቡ ነው።

ይህን ባዶ የሚሞላው የአፍ ታሪክ ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተከፍላ፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ስትሰፋ፣ ሳተላይትም የመሬት መሣሪያም ተጠቅመው የአገርና የውጭ ተመራማሪዎች አጥንተውታል። አመዱ ከመሬት ሲወጣ በቦታው የነበሩት ግን አርብቶ አደሮቹ ናቸው። ያዩትን የነገሩት በቋንቋቸው ነው። የአፋርኛን የቦታ ስም፣ የግጥምና የተረት ቃል ያጠና ሰው ቢኖር ስንት የድሮ ስንጥቅና ስንት የድሮ እሳት ሊገኝ እንደሚችል መገመት ይቻላል።

*መጽሐፉና ሕንፃው*

የጉዋን ልፋት እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. ኦታዋ ላይ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ ርዕሱ በአማርኛ ሲመለስ «የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ» ይሆናል። የመጽሐፉ ርዕስ ውስጥ «ታሪክ» የሚል ቃል የገባው ለማሳመር አይደለም። ከመሣሪያው መዝገብ ጎን የነገሥታት ዜና መዋዕልና የተጓዦች ማስታወሻ ተሰልፈዋል። እስከ ዛሬም ስለ አገሪቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ ይህን መጽሐፍ ሳይነካ አያልፍም። ጣቢያውን ከእርሱ በኋላ እንደ ላእከ ማርያም አስፋውና አታላይ አየለ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ይዘውት ቀጥለዋል። በፈንታሌ ጊዜ ሕዝቡ በቴሌቪዥን የሰማው ፕሮፌሰር አታላይን ነው።

መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ አልቀረም። አገሪቱ በየትኛው አካባቢ ምን ያህል ጠንካራ ሕንፃ ይሠራ የሚለውን የሚወስን የሕንፃ ኮድ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1983፣ በ1995ና በ2015 ወጥቷል። በ1995ቱ ኮድ ስሌቱ የተመሠረተው በአማካይ በ100 ዓመት አንዴ በሚጠበቅ ንዝረት ላይ ነበር። የ2015ቱ ከሌላው ዓለም ልማድ ጋር ተስተካክሎ ወደ 475 ዓመት አደገ። ይህ ቁጥር አስማት አይደለም፤ አንድ ሕንፃ በሚቆምበት 50 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 10 በመቶ የሆነ ንዝረት ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ኮዱ የሚጠይቀው ስለ 475 ዓመት ነው። የአራት ኪሎው መሣሪያ የሚያስታውሰው ሰባ ዓመት የማይሞላ ነው። የቀረው አራት መቶ ዓመት ከየት ይመጣል? ከፊሉ ከሥነ ምድር ጥናት፣ ከፊሉ ከሒሳብ ግምት፣ ከፊሉ ደግሞ ከድልቅልቅ፣ ከዘመነ ሉቃስና ከሃሪስ ማስታወሻ ነው። ቦሌ ላይ የቆመ ፎቅ ምሰሶ ውስጥ ስንት ብረት ይግባ የሚለው ስሌት ውስጥ የማይታይ የግእዝ አንባቢ እጅ አለ።

*70 በ30*

ይህ ሁሉ ታሪክ ወደ ዛሬ የሚመጣው በአንድ ፖሊሲ በኩል ነው። በ2001 ዓ.ም ገደማ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሉት ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስና ሰብአዊ ጥናት እንዲማር ተወሰነ። መከራከሪያው የሚናቅ አልነበረም። ድሃ አገር ነው፤ መንገድ፣ መብራት፣ ፋብሪካ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መሐንዲስ ይብዛ። ልጁን በ70ው በኩል ያስገባ ወላጅ ሥራ ያገኛል ብሎ ነው፤ ሊወቀስ አይችልም።

ችግሩ የቁጥሩ ነገር አልነበረም። ችግሩ ከቁጥሩ ጋር አብሮ የገባው ሐሳብ ነው፤ ዕውቀት በሁለት መደርደሪያ ይቀመጣል፣ አንደኛው አገር ይሠራል፣ ሁለተኛው አገር ያወራል የሚለው። ይህ ሐሳብ ታሪክና ግእዝ የሚማረውን ልጅ ነጥብ ያነሰው የተጣለበት ቦታ ላይ እንዳለ አድርጎ አሳየው። መሐንዲሱንም ጎዳው፤ ከኮዱ ላይ ቁጥር አንስቶ ሲያሰላ ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል እንደሚታመን፣ የት ጋ ባዶ እንዳለበት የሚነግረው ሰው አጣ።

የሚገርመው «ጠቃሚ» በተባለው ወገን ውስጥ ያለውም ሁሉ በዚህ መለኪያ አያልፍም። በ1950 ዓ.ም ገደማ «ምን ይጠቅማል» የሚለው ጥያቄ ብቻ ቢጠየቅ ኖሮ የማግኔት ጣቢያዋ ራሷ አትከፈትም ነበር። እርሷ ባትከፈት ንዝረት መመዝገቢያው የሚቀመጥበት ቤት አይኖርም። ምርምር እንደ እህል በዚህ ዓመት ተዘርቶ በዚህ ዓመት አይታጨድም።

ጥፋቱ የፖሊሲ ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። የሰብአዊ ጥናቱ ወገን ቁጥር ሲያይ የሚሸሽበት፣ ጥናቱም ከሌላው ሙያ ጋር ሳይነጋገር የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የመንቀጥቀጥ ታሪክን እስከ ዛሬ በዋናነት የጻፈው የፊዚክስ ሰው መሆኑ ራሱ ይናገራል። ከታሪክ ክፍል ወደ አራት ኪሎ ወርዶ «የምትፈልጉትን ንገሩኝ፣ ብራናው እኔ ዘንድ ነው» የሚል ሰው ሊበዛ ይገባ ነበር።

ሥራው ደግሞ አላለቀም። የጉዋን መጽሐፍ ሲታተም የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ያ ሥራ ወደ ዘጠኝ ሺህ ብራና አንስቷል፤ እነ ጌታቸው ኃይሌ የደከሙበት ካታሎግ አብዛኛው ክፍል የወጣው ከጉዋን መጽሐፍ በኋላ ነው። ብራና የሚያውቅ ሰው እንደሚያውቀው በመጻሕፍቱ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ የርስት ውል፣ የረሃብ ዘመን፣ የኮከብ መታየት ተጽፎ ይገኛል። እዚያ ውስጥ ስንት መንቀጥቀጥ ተቀምጦ ይሆን? ይህን ለማግኘት ግድብ የሚያህል በጀት አያስፈልግም። አንድ የግእዝ ሰው፣ አንድ የጂኦፊዚክስ ሰውና አንድ መሐንዲስ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከዚህም የሚቀርብ ሥራ አለ። የ2017ቱን የፈንታሌ መንቀጥቀጥ መሣሪያው መዝግቦታል፤ በዚያ በኩል ሥጋት የለም። ቤቷን ጥላ በመጠለያ የከረመች እናት የሰማችውን ድምፅ፣ ከብቶቹ ቀድመው ምን እንዳደረጉ፣ የትኛው ግድግዳ ፈርሶ የትኛው እንደቆመ፣ ፍል ውኃው መቼ እንደጨመረ ግን የሚመዘግብ መሣሪያ የለም። ያ ሁሉ አሁን ያለው በየስልኩ በተነሳ ቪዲዮና በሰው ትዝታ ውስጥ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ ሰው ይረሳል። የአንኮበርን አደጋ ዛሬ ለማጥናት የቻለ ሰው የቻለው ያን ጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ስለጻፈው ነው።

«እንዲህ ያለ ነገር በፊት ደርሶ ያውቃል?» ብሎ በታክሲ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው ከመቶ ዓመት በኋላም ይኖራል። ለእርሱ የሚቀርበው መዝገብ ከአሁኑ ካልተጻፈ ያን ጊዜ ከየትም አይመጣም።